«መመሪያው አይፈቅድም» አሉኝ፤ የትኛው መመሪያ?

ሐይቅ_ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ መተንፈስም አልጠላም። የማስተምረው ባሕር ዳር ነው፤ የተቋሙን ስም ተዉት። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የምሰጠው የሐይቅና ረግረግ ኮርስ አለ፤ 3 ክሬዲት፣ በኢሲቲኤስ (የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት በሚቆጥረው መለኪያ) 5። ሲላበሱን የጻፈው ጣናን አይቶ የማያውቅ ሰው ይመስላል። ጥልቅ ሐይቆች በበጋ ከላይ ሞቅ፣ ከታች ቀዝቀዝ ብለው እንዴት ንብርብር እንደሚሠሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ እናስተምራለን። ጣና እኮ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ንፋስ ሲነሳ ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። እምቦጭ ሲላበሱ ውስጥ የለም። አባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ያለው የውኃ መቆጣጠሪያ የለም። ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄደው ውኃም የለም።

እና ኮርሱን እንደ አዲስ ልሥራው አልኩ። ሌክቸሩን ቀንሼ በወር አንዴ ጀልባ እንውጣ፤ ተማሪው ራሱ የውኃውን ጥራት ይለካ፤ አሳ ከሚራገፍበት ቦታ ቆሞ ስንት ቀረሶ፣ ስንት አምባዛ፣ ስንት ነጭ አሳ እንደወጣ ይመዝግብ፤ ያንን እየጻፈና እያነጻጸረ ሴሜስተሩን ይጨርስ ነው ሐሳቤ። ፋይናሉን ወደ 30 አውርጄ የመስክ ደብተሩን 40 ላደርገው አሰብኩ።

ዲሲ (የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ) ላይ አቀረብኩት። አንዱ «ፋይናል ከ50 አይወርድም» አለኝ። ሌላው «ሌክቸር ከቀነስክ ሎድህ ይጎድላል» አለ፤ የሚቆጠርልኝ የማስተማሪያ ሰዓት ማለቱ ነው። ሦስተኛው «ኤግዚት (የመውጫ ፈተና) ላይ የማይመጣ ነገር ለምን ታስተምራለህ?» አንዱ ደግሞ ምንም ሳይናገር የትምህርት ካላንደሩን አሳየኝ። የሁሉም ማሰሪያ «መመሪያው አይፈቅድም» ነው። የትኛው መመሪያ፣ ስንተኛው አንቀጽ ስል ግን ገጹን ገልጦ የሚያሳየኝ አጣሁ። የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እርዱኝ። ከዚህ ውስጥ የቱ ነው ሕግ፣ የቱ ነው ልማድ?


ሎድ_በዛብኝ፦

ወንድሜ የሎዱ ነገር ልማድ አይደለም፤ ኪስህ ድረስ የሚመጣ እውነት ነው። እኛ ጋ የሙሉ ጊዜ መምህር በሳምንት 12 ሎድ ይጠበቅበታል። አንድ ሰዓት ሌክቸር አንድ ሎድ ነው። ላብና ፊልድ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓት ቆመህ ሁለት ነው የሚታሰብልህ። ስለዚህ ማንም ክፉ ሳያስብ ኮርሱ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ሌክቸር ያዘነብላል።

እኔ ኢንጂነሪንግ ነኝ። አዲስ ኮርስ ሲቀረጽ «2 ሌክቸርና 3 ላብ ይሁን ወይስ 3 ሌክቸር ብቻ» የሚል ክርክር ይነሳል። እዚያ ክርክር ላይ የተማሪውን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው ብዙ አይደለም። ጥያቄው ማን ስንት ሎድ ይደርሰዋል፣ የትርፍ ሰዓት ይኖራል ወይ ነው። መምህሩን አልወቅስም፤ ደመወዙ የሚታወቅ ነው። ቀመሩን የጻፈው ሰው ስለ ክፍያ እያሰበ ነው የጻፈው። የኮርሱን መልክ የወሰነው ግን እሱ ነው።

ያንተ ደግሞ ይብሳል። ከጠዋት ጀምሮ ሐይቅ ላይ ውለህ፣ ፀሐይ ፊትህን ልጦህ፣ ወረቀት ላይ የሚታይልህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።


ጉርድ፦

ቀላል ነው እኮ። ጀልባው ላይ ስላይድ አሳያቸው፣ ሌክቸር ይባላል ሃሃ


የሽምብጥ_ልጅ፦

መምህር፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ አራተኛ ዓመት። ከእኛ ወገን ሆኜ ልናገር። ሐሳብዎ ደስ ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን እርስዎ ክፍል ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «ኤግዚት ላይ ይመጣል?» ብዬ ነው። አይፍረዱብን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም ትምህርት ክፍል ይፈተናል፣ 50 ካላመጣን ዲግሪው አይሰጠንም። ብሉፕሪንቱ (ፈተናው የሚያካትተው ዝርዝር) ከወጣ በኋላ ሲኒየሮቻችን ኮርሶቹን ለሁለት ከፈሏቸው፤ የኤግዚት ኮርስና የማይመጣ ኮርስ። የማይመጣው ላይ ክፍል የሚገባው ሰው አቴንዳንስ ፈርቶ ነው። ጎበዝ መምህር ቢሆን እንኳ።

ግን መመሪያን ሁሉ እንደ ጠላት አትዩት። ኮርስ አውትላይን በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጥ፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ይጻፍ የሚለው ባይኖር እኛ ምን እንሆን ነበር? አንድ መምህር ነበረን፣ ሚድ የለ፣ አሳይመንት የለ፣ ሴሜስተሩ ሊያልቅ ሲል «ሁሉንም በፋይናል አደርገዋለሁ» አለን። ተወካያችን አውትላይኑን ይዞ ትምህርት ክፍል ሄደ፤ ተስተካከለ። በወረቀት ባይጻፍ ማን ይሰማን ነበር?

ስለዚህ ሲቀይሩት ቀድመው ይጻፉልን። 40 ነጥብ ለደብተር ሲሉ ደብተሩ በምን በምን እንደሚታረም ይታወቅ። አለዚያ መምህሩን የሚቀርብ ልጅ 38፣ የማይቀርብ 22 ነው የሚሆነው።


ዲን_አይደለሁም፦

ሐይቅ ዳር፣ እኔ ሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ ትምህርት ክፍልም መርቻለሁ፤ አሁን ተገላግያለሁ። ጥያቄህን ከላይ ወደ ታች ልውሰደው፤ ይረዝማል፣ ቡና ይዘህ አንብብ።

ከሁሉ በላይ አዋጁ አለ፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011። ከእሱ በፊት 650/2001 ነበር፣ ከዚያም በፊት 351/1995። አዋጅ ያንተን የፋይናል ፐርሰንት አያውቀውም። ቀጥሎ ድሮ ሄርኳ የምንለው፣ አሁን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሆነው አለ። እሱ የሚያየው ፕሮግራሙን በጅምላ ነው፤ በቂ መምህር አለ ወይ፣ ላብ አለ ወይ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ በወጉ ጸድቋል ወይ። ከዚያ ሃርሞናይዝድ የምንለው አገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ይመጣል። የኮርሱ ስም፣ ኮዱ፣ ክሬዲቱ፣ በስንተኛ ዓመት እንደሚሰጥ፣ ከእሱ በፊት የትኛው ኮርስ መወሰድ እንዳለበት፣ ይህ ሁሉ እዚያ ተቆልፏል። ለብቻህ አትነካውም፤ ብትነካው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ መግቢያ ያጣል።

ቀጥሎ የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ የዩኒቨርሲቲው የራሱ መተዳደሪያ ደንብ፣ አለ። ውጤት አሰጣጡ፣ ሎዱ፣ የፈተና ሥነ ሥርዓቱ፣ አቴንዳንሱ ያለው እዚያ ነው። ከሴኔት በታች ያለው የትምህርት ክፍሉ ነው፤ የምዕራፍ ቅደም ተከተል፣ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ምሳሌው፣ መጽሐፉ፣ ምዘናው በምን በምን እንደሚዋቀር። ጣናን ከሲላበሱ ያስወጣው አዋጅ አይደለም፣ ሴኔትም አይደለም። አንድ ጊዜ ወርክሾፕ ላይ ተቸኩሎ የተጻፈ የምዕራፍ ዝርዝር ነው። እሱን መቀየር የዲሲ ሥልጣን ነው።

አሁን ወደ 50/50 ልምጣ። ሞጁላር (ኮርሶችን በሞጁል የማሰባሰብ አሠራር) ሲመጣ፣ 2005 ዓ.ም. አካባቢ፣ ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር በየዩኒቨርሲቲው ወረደ። ዓላማው ቀና ነበር፤ ተማሪ በአንድ ፈተና እንዳይወድቅ፣ መምህሩም እስከ መጨረሻው ሳምንት ተኝቶ እንዳይቆይ። እኔ በሠራሁበት ቦታ ማጠቃለያ ፈተና ከ50 እንዳይበልጥ ነበር የተጻፈው። ጣሪያ ነበር። ሰው ሁሉ ልክ 50 ላይ ማረፍ ሲለምድ ጣሪያው ወለል መሰለ። አሁን «ከ50 አይወርድም» የሚሉህ ያንን ነው። ያንተ ቦታ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ግን እኔ ልነግርህ አልችልም፤ ሌጂስሌሽኑን ከቢሮ ተቀብለህ የምዘናውን አንቀጽ ራስህ አንብብ። «አይበልጥም» የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ። «ይሆናል» የሚል ከሆነ ከትምህርት ክፍሉ በላይ ባለው አካዳሚክ ኮሚሽን በኩል መሄድ አለብህ፤ እሱም የሚቻል ነው፣ ጊዜ ይበላል እንጂ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። 5 ኢሲቲኤስ ማለት በእኛ አገር ስሌት 135 ሰዓት ነው፤ አንዱ 27 ሰዓት። አውሮፓውያኑ ከ25 እስከ 30 ይላሉ፣ እኛ 27ን ያዝን። በሳምንት ሦስት ሰዓት ሌክቸር ለ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። 87 ሰዓት ይተርፋል። ይህ ሰዓት በወረቀት የተማሪው የራሱ ሥራ ነው፤ ሲላበሱ ላይ «ሆም ስተዲ» የሚል ሳጥን ውስጥ ተቀብሯል። ክሬዲት ሰዓት ብቻ በነበረ ጊዜ ስለዚያ የሚጠይቅህ የለም፤ ኢሲቲኤስ ግን የተማሪውን ድካም ቆጥሬያለሁ ብሎ ነው የመጣው። ቁጥሩን ተቀብለን ሥራውን ተውነው። ሞጁላሩ ራሱ ከሄደ በኋላ እንኳ ቁጥሩ ሲላበስ ላይ ቀረ።

የመስክ ሥራህን እዚያ 87 ሰዓት ውስጥ አስገባው። ሌክቸርህን አትንካ። ሎድህ አይጎድልም፣ ክሬዲቱ አይነካም፣ ሴኔት ድረስም አትሄድም።


ሎድ_በዛብኝ፦

በነጻ ይሥራ ነው እንግዲህ የምትለው! ቅዳሜን አሳ ወደብ ላይ ይዋል፣ ማንም አይቁጠርለት። በእንዲህ ያለ ምክር ነው እኮ ጎበዝ መምህር ሁለት ዓመት ተቃጥሎ ለአንድ ፕሮጀክት የሚሄደው።


ዲን_አይደለሁም፦

ትክክል ነህ፣ እሱን አልሸሸግም። ግን ሁሉም መስክ መምህር አይፈልግም። አሳ የሚመዘግብ ተማሪ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ አንዴ ከተማረ ራሱ ይሄዳል። መምህር የግድ የሚያስፈልገው ጀልባው ላይ ነው፣ ለደኅንነትም ለመሣሪያውም። እሱን የላብ ሰዓት አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ሦስቱ እንደ ሁለት ቢቆጠርም ከዜሮ ይሻላል።


ሬጅስትራር_ነበርኩ፦

ሁላችሁም የረሳችሁት ሶፍትዌሩን ነው። ሳቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ በነበርኩበት ቦታ የውጤት ማስገቢያው ገጽ ላይ ሳጥኖቹ አስቀድመው ተሰይመው ነበር፤ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፋይናል። የፋይናሉ ሳጥን 50 ብሎ ነበር የመጣው። አንድ መምህር 30 ብሎ ለማስገባት ሲሞክር ሲስተሙ ቀይ ጽሑፍ አወጣበት። እኛ ጋ መጣ። እኛም «ሲስተሙ አይቀበልም» አልነው። ሲስተሙ አይቀበልም ማለት ከጊዜ በኋላ ሕጉ አይፈቅድም ሆነ፤ ለአዲስ መምህርም እንደዚያው ተብሎ ተነገረ። ያንን 50 ያስገባው ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ ነበር፤ የሆነ ቁጥር መጻፍ ስለነበረበት ጻፈ።

በአንድ ደብዳቤ ነው የተቀየረው። ትምህርት ክፍሉ ለአይሲቲ ጻፈ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሳጥኑ ተከፈተ። እስከዚያ ግን ስንት ኮርስ በዚያ ሳጥን ልክ ተሰፍቷል።

ደግሞ ሬጅስትራርን ዝም ብላችሁ አትውቀሱ። ውጤት በቀኑ ካልገባ ተማሪው ለሚቀጥለው ሴሜስተር መመዝገብ አይችልም። የመስክ ደብተር 40 ነጥብ ብለህ ስልሳ ደብተር ይዘህ ውጤት ማስገቢያው ካለፈ፣ እኛ ነን ወላጅ የሚደውልብን። ደብተሩን በየወሩ አርም። መጨረሻ ላይ አትከምረው።


የድሮ_ፔዳ፦

ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። የእናንተን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ከተማ ኮርስ ከሥራ ነበር የሚመጣው። ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም የእርሻ ሜካኒክስ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የኤሌክትሪክና የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር የሚሰጠው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ፔዳ (የፔዳጎጂ አካዳሚው) ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በዩኤንዲፒ ስምምነት መጣ። የተፈለገው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ለገጠር ልማትና ለጎልማሶች ትምህርት የሚሆን ባለሙያ ነበር። ስለዚህ ገጠር መውጣት የኮርሱ አካል እንጂ ፈቃድ የሚለመንበት ጉዳይ አልነበረም። ሁለቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ።

ናፍቆት ይዞኝ አይደለም ይህን የምላችሁ። ያኔም መመሪያ ነበር፤ ያውም ሰው የማይከራከረው። ልዩነቱ መመሪያው «ይህ ተቋም ለምን ተቋቋመ» ከሚለው ነበር የሚነሳው። አሁን ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች አያለሁ። በአንድ በኩል ዩኒቨርሲቲዎች ይለዩ ተብሎ የምርምር፣ የአፕላይድና የኮምፕሬሄንሲቭ ተብለው ተከፋፈሉ፤ የባሕር ዳሩ ከምርምሮቹ ነው። በሌላ በኩል ሁሉም አንድ ዓይነት ሃርሞናይዝድ ሥርዓተ ትምህርት ይዘው፣ ተማሪያቸው አንድ ዓይነት መውጫ ፈተና ይፈተናል። ታዲያ ልዩነቱ በመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ላይ የሚታየው የቱ ጋ ነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሲሆን ይህ ጥያቄ ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሰማሁት ግን በአብዛኛው ስለ ክፍያና ስለ ቦርድ ነው።


ከአባይ_ማዶ፦

ጋሼ፣ ጥሩ ነገር አነሱ። እኔ ሕግ ነው የማስተምረው። የመውጫ ፈተና ሌላው ሳያስበው እኛ ጋ ቀድሞ ስለተጀመረ ትንሽ ልምድ አለን፤ ጥሩውንም ክፉውንም ልናገር።

ጥሩው፣ ምዕራፍ ዘሎ መጨረስ ቀረ። ድሮ መምህሩ የሚወደውን ርዕስ ሁለት ወር ይዞ የቀረውን «አንብቡት» ይል ነበር። ፈተናው ከመጣ በኋላ ማን እንዳልጨረሰ ይታወቃል። በተለይ የሥነ ሥርዓት ሕጎች እንደ እንጀራ ልጅ መታየታቸው ቀረ። ክፉው፣ ጥያቄው ምርጫ ስለሆነ ምርጫ የማይለካው ነገር ሁሉ ከኮርሱ መሟሟት ጀመረ። አቤቱታ መጻፍ፣ ደንበኛን ማነጋገር፣ ቆሞ መከራከር። ማንም ከልክሎት አይደለም። ተማሪው ራሱ «መምህር፣ ይህን ቶሎ እንጨርሰውና ጥያቄ እንሥራ» ይልሃል፤ አንተም የትምህርት ክፍሉ የማለፍ መጠን በየግቢው ሲወራ ታውቀዋለህና እሺ ትላለህ።

ሐይቅ ዳር፣ ላንተ የምመክርህ ብሉፕሪንቱን አትሽሸው፣ አንግበው። ብሉፕሪንት የሚዘረዝረው ብቃት ነው፣ ሐይቅ አይመርጥም። እዚያ ላይ የውኃ ጥራት መረጃ መተንተን የሚል ብቃት ካለ በጣና ውኃ ተንትን የሚከለክልህ የለም። ሲላበስህ ላይ ከየሳምንቱ ጎን የትኛውን ብቃት እንደሚሸፍን አንድ ዓምድ ጨምር። ዲሲ ላይ «ኤግዚት ላይ አይመጣም» ያለህ ሰው ያንን ዓምድ ካየ የሚለው ያጣል። ተማሪውም ይረጋጋል።


የፍሬሽማን_መምህር፦

እናንተ እንኳ ሲላበስ የሚባል ነገር አላችሁ። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመለሱ ሞጁሉም አብሮ ተጽፎ ነው የመጣልን። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ከጅግጅጋ እስከ ባሕር ዳር ያው ሞጁል ነው። እኔ የምነካው ምሳሌውን ብቻ ነው። ስለ ወንዞችና ሐይቆች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አባይ ከጣና የሚወጣበት ድረስ በእግር እወስዳቸዋለሁ። ከደቡብና ከምሥራቅ የመጡ ልጆች አሉ፤ አባይ ሐይቁን ለቅቆ ሲሄድ ቆመው ሲያዩት ያለ ስላይድ ይገባቸዋል። ለዚህ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም፤ የሚጠይቅም አልመጣም።


ጉርድ፦

አሁን ይህን ጽሑፍ አንብበው ለእግር ጉዞ ቅጽ ያወጡልሃል


ሐይቅ_ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌጂስሌሽኑን አግኝቼ አነበብኩት። የምዘናው አንቀጽ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ይፈቅዳል! ስለዚህ ያ ነገር ተዘጋ። ሎዱን ዲን_አይደለሁም እንዳለው አድርጌ፣ ሌክቸሩን ሳልነካ፣ የጀልባውን ሰዓት በላብ አስገብቼ ሠራሁት።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ዝም ብሎ ካላንደሩን ያሳየኝ ሰውዬ ነው። እሱ ነው ለካ ትክክለኛውን ጥያቄ ያነሳው። ጣና የሚኖረው በክረምት ነው። ዝናቡ ሲጀምር ጉማራና ርብ ደለል ይዘው ይገባሉ፤ ውኃው ቡናማ ይሆናል። ነጭ አሳው እንቁላል ለመጣል ወንዞቹን ሽቅብ የሚወጣው ከሐምሌ ወዲያ ነው። የሐይቁ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው መስከረም ላይ፣ ዝቅ የሚለው ሰኔ ላይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ እምቦጩ ይንሰራፋል። ካላንደሩ ግን ተማሪውን በክረምት ወደ ቤቱ ይልከዋል። የምናስተምረው ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጊዜ ነው፤ በጋ ላይ ሄደን የምናየው ክረምት ሠርቶት የሄደውን ነው።

ካላንደሩን ለሐይቁ ብላችሁ ቀይሩልኝ ብዬ አልጠይቅም። ግን የእርሻ፣ የአሳ፣ የውኃ፣ የጂኦሎጂ ኮርስ የሚሰጥ ሁሉ ይህ ችግር አለበት። የክረምት ፕራክቲከም ብዬ የራሱ ክሬዲት ያለው ኮርስ ላድርገው ብል ከሃርሞናይዝዱ ጋር እጋጫለሁ። ያልተመዘገበ ተማሪ ላይ ደግሞ ነጥብ መጣል አይቻልም። ሐሳብ ያለው?


ፎገሬው፦

መምህር፣ እኔ ፎገራ ነው ቤቴ፣ ሩዝ መሐል ነው ያደግኩት። ክረምት ላይ ርብ ሲሞላ ምን እንደሚሆን የማናውቅ መሰልዎ እንዴ? የኛ ልጆች ኮርሱን ሳይወስዱ አይተውታል፣ ግን ክፍል ውስጥ ማንም አይጠይቀንም። ነጥብ አይጣልበት፣ ግን ስንመለስ በመጀመሪያው ሳምንት «ክረምት ላይ ምን አያችሁ» ብለው ቢጀምሩ ከደራና ከፎገራ የመጣን የምንናገረው አለን። ከደረቅ አገር የመጣውም ይማርበታል።


ዲን_አይደለሁም፦

የፎገሬው ሐሳብ ወርቅ ነው፣ ያዘው። ከእሱ ሌላ አንድ መንገድ አለ። ያንተ ኮርስ የመጀመሪያው ሴሜስተር ላይ ነው አይደል? በፊተኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሜስተር ላይ ያው ተማሪዎች የሚወስዱት የውኃ ወይም የአሳ ኮርስ ይኖራል። ከዚያ መምህር ጋር ተስማማ። እሱ በሴሜስተሩ መጨረሻ፣ ሐይቁ ዝቅ ሲል፣ በራሱ ኮርስ ውስጥ አንድ ልኬት ያሠራቸዋል። አንተ ሲመለሱ፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ በዚያው ቦታ በዚያው መሣሪያ ትደግመዋለህ። ክሬዲት አልተነካ፣ ካላንደር አልተነካ፣ ያልተመዘገበ ሰው አልተፈተነ። ያው ልጆች ሁለቱን ጫፍ አዩ።

ካላንደሩ ባለፉት ዓመታት እንደተንሸራተተው ከተንሸራተተ ግን ለእኔ አትንገረኝ። መስከረም ይገባሉ የተባሉት ኅዳር ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ሲላበሱ ላይ ወር አትጻፍ፤ «የመጀመሪያው ሳምንት» በል።


ዘንባባ_ሥር፦

ይቅርታ፣ አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። በዊልቸር ነው የምሄደው፤ ባዮሎጂ ነው የምማረው። ጀልባ ላይ መውጣት ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ከዳሩ እስከ ጀልባው ያለውን ሰው ተሸክሞኝ ነው የማልፈው፣ እሱን ደግሞ አልወድም። 40 ነጥብ ጀልባ ላይ ከሆነ እኔ ገና ሳልጀምር ነው የማጣው። በአዋጁ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ምቹ ሁኔታ ይፈጠር የሚል አለ፤ ብዙ መምህር የሚያውቀው ግን ፈተና ላይ ጊዜ እንደመጨመር ብቻ ነው። ኮርሱ ሲነደፍ ነው መታሰብ ያለበት። ከተነደፈ በኋላ እኔ በየቢሮው ስዞር አይደለም።


ሐይቅ_ዳር፦

እኅቴ ወይም ወንድሜ፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ይህ በቀጥታ ሲላበሱ ውስጥ ይገባል። የመስክ ደብተሩን በሁለት ከፈልኩት፤ መሰብሰብና መተንተን። የመሰብሰቡ ክፍል በቡድን ነው፤ ጀልባ ላይ የሚወጣ አለ፣ ዳር ላይ ናሙና የሚቀበልና የሚለካ አለ፣ የአሳ መዝገቡን የሚይዝ አለ። ለሁሉም ሥራ እኩል ነጥብ ነው። የመተንተኑ ክፍል ለብቻ ነው፣ ሁሉም በዚያው መረጃ ይሠራል። ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥም በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ፣ የሽምብጥ ልጅ እንዳለው።


ዘንባባ_ሥር፦

እኅት ነኝ። እንደዚህ ከሆነ እኔም እመዘገባለሁ፤ ዳር ላይ ያለውን ልኬት ለእኔ ይያዙልኝ።


ሐይቅ_ዳር፦

ተያዘ።

ትናንት ዲሲ ላይ ድጋሚ አቀረብኩት። ከብቃቱ ዓምድ ጋር፣ ከሌጂስሌሽኑ ገጽ ጋር፣ ከሰዓት ስሌቱ ጋር። ብዙ አልተከራከሩም። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል፣ ወደ አካዳሚክ ኮሚሽን ለማሳወቅ ብቻ ይሄዳል። ካላንደሩን ያሳየኝ ሰውዬ ደግሞ የሁለተኛ ሴሜስተሩን ኮርስ የሚያስተምረው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ የሰኔውን ልኬት ለመሥራት ተስማማ።

የቀረው ጀልባው ነው። ትምህርት ክፍሉ ለመስክ የያዘው በጀት የአውቶቡስ ነዳጅና የሹፌር አበል ይላል እንጂ ጀልባ የሚል መደብ የለውም። ፋይናንስ «ጀልባ ኪራይ በምን ኮድ ይወጣል?» አለኝ፤ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያም አምጣ ተብያለሁ። የደኅንነት ጃኬት ለስልሳ ተማሪ ከማን እንደምከራይም ገና አላወቅሁም። ይህን ያለፈበት ሰው አለ?


ሬጅስትራር_ነበርኩ፦

በ«ትራንስፖርት» ኮድ አስወጣው፤ ጀልባም ትራንስፖርት ነው። ጥያቄው ላይ «ኪራይ» ብለህ አትጻፍ፣ «የተማሪዎች ጉዞ» በል። ጃኬቱን ዋጋ ማቅረቢያው ውስጥ ባለጀልባው እንዲያቀርብ ቅድመ ሁኔታ አድርገው፣ ለብቻው ግዢ አትሂድ፤ ከሄድክ ሴሜስተሩ ያልቃል። ደግሞ ስልሳውን በአንድ ቀን አታውጣ።